አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (መጋቢት 22 ቀን 1846 – ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1854–1916) የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስና የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ ነበረ። በኢትዮጵያ ሙሴ ኢልግ በሚለው መጠሪያ ይታወቃል። ወደ ሸዋ የመጣው በ1871 ዓ.ም. ሲሆን፣ 28 ዓመት ያህል በንጉሡ አገልግሎት ቆይቷል። በዚህ ጊዜ ድልድይ ሠርቷል፣ ውሃ በቧንቧ ስቧል፣ የውጭ አገር ደብዳቤዎችን አዘጋጅቷል፣ በውል ድርድሮችም ተካፍሏል። ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው ግን ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በተዘረጋው የምድር ባቡር ነው። የድሬዳዋ ከተማ የተቆረቆረችው በዚሁ ሐዲድ ምክንያት ነው። የባቡሩ ታሪክ የሥራ ታሪክ ብቻ አይደለም። መንገዱ የማን ነው፣ በእርሱስ ላይ የሚመክረውና የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የኢልግን የመጨረሻ የአገልግሎት ዓመታት የያዘ የፖለቲካ ክርክር ሆኗል።

ልጅነትና ትምህርት

ኢልግ የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ የቱርጋው ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በፍራውንፌልድ ነው። በወጣትነቱ የመካኒክነት ሙያ ከተማረ በኋላ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ በምሕንድስና ተመረቀ። ከዚያም በርን ከተማ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሠራ።

በዚያን ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ሙያና የማሽን ዕውቀት ያላቸው አውሮፓውያን ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸው በኤደን ወደብ በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል ስዊዘርላንድ ደረሰ። ኢልግ ጥሪውን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1878 ከሁለት የስዊስ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ጉዞ ጀመረ። ዘይላ ላይ ለወራት ከተጉላሉ በኋላ በረሃውን በግመል አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ከባሕር እስከ ሸዋ ያለው የሲራራ መንገድ በደኅናው ጊዜ እንኳ ከአንድ ወር በላይ ይወስድ ነበር። ውሃ የሚገኝበት ጉድጓድ፣ የግመል ኪራይና የየአገሩ ባላባት ፈቃድ ካልተሟላ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ወጣቱ መሐንዲስ ይህን መንገድ በራሱ እግር ያየው ከምኒልክ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ነው።

የንጉሡ መሐንዲስ

ንጉሡ ኢልግን በመጀመሪያ ጫማ ሥራ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ ሥራ ብለው እንደፈተኑት ይነገራል። ጫማ ሰፊም ጠመንጃ ሠሪም ባይሆን ሁለቱንም ሠርቶ በማቅረቡ የንጉሡን አመኔታ አገኘ ይባላል። ከሠራቸው ሥራዎች መካከል በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ አንዱ ነው። በኋላም በአዲስ አበባ ከተራራው ግርጌ እስከ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ እንዲመጣ አድርጓል። ውሃ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣቱ ለከተማው ሰው ትልቅ መደነቂያ ሆኖ ነበር።

የኢልግ ሥራ ከእጅ ሙያ አልፎ ወደ ንግድና ወደ መንግሥት ጉዳይ የገባው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በሐረር ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከአርቱር ራምቦ ጋር በንግድ ጉዳይ ይጻጻፍ ነበር፤ ደብዳቤዎቹም እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። የምኒልክ ምስል ያለበት ብርና የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የፖስታ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ሲዘጋጁም ኢልግና የንግድ ባልደረባው ፈረንሳዊው ሌዮን ሸፍኔ ከጉዳዩ ውስጥ ነበሩ። በ1895 እ.ኤ.አ. ኢልግ በዙሪክ ፋኒ ጋቲከር የምትባል ሴት አግብቶ ከእርሷ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ከመሐንዲስነት ወደ አማካሪነት

የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም እንዳለው ሲታወቅ፣ በአውሮፓ ቋንቋ የተጻፈውን አንብቦ ፍቺውን የሚያስረዳ ታማኝ ሰው ለቤተ መንግሥቱ አስፈላጊ ሆነ። ስዊዘርላንድ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የማትፈልግ አገር መሆኗ የኢልግን ተአማኒነት ጨምሮለታል። አማርኛ አቀላጥፎ ይናገር ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱና የውጭ መልእክተኞች በእርሱ አማካይነት ይነጋገሩ ነበር።

ከአድዋ ድል (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) በኋላ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት። በዚያው ዓመት ከእንግሊዙ ሮድና ከፈረንሳዩ ላጋርድ ጋር በተደረጉት የወሰንና የንግድ ድርድሮች ላይ ተገኝቷል። ወደ ምኒልክ መድረስ የሚፈልግ የውጭ አገር ሰው አስቀድሞ የኢልግን በር ማንኳኳት ነበረበት። በዚህ የተነሣ ለፈረንሳይ ያደላል የሚል ወቀሳ ከእንግሊዞችና ከጣልያኖች ይቀርብበት ነበር።

የምድር ባቡሩ ፈቃድ

ኢልግ የባቡር ሐሳብን ለምኒልክ ያቀረበው ገና በሸዋ ንጉሥነታቸው ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ ለማስረዳትም ትንሽ የባቡር አምሳያ ሠርቶ አሳይቷቸዋል ይባላል። ነገሩ ወደ ተግባር የተጠጋው ግን ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ነው። በ1885 ዓ.ም. ለጥናት የተፈቀደለት ሲሆን፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1894) ሙሉው ፈቃድ ተሰጠው።

ፈቃዱ መስመሩን በሦስት ይከፍላል። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ነበር። ማኅበሩ መስመሩን ለ99 ዓመት እንዲይዝ፣ ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋ፣ ከ3,000,000 ፍራንክ በላይ ከሚገኘው ትርፍም ግማሹ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እንዲሆን ተወሰነ። በሌላ አነጋገር ምኒልክ ሐዲዱን የፈቀዱት ለኢልግ የግል ማኅበር እንጂ ለውጭ መንግሥት አልነበረም። በኋላ የመጣው ጠብ ሁሉ ከዚህ ልዩነት የመነጨ ነው።

በአገር ውስጥ የነበረው ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። ከመኳንንቱ መካከል መንገዱ ለጠላት ጦር በር ይከፍታል ብለው የሚሰጉ ነበሩ። በበረሃው ለሚኖሩት የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች ደግሞ የሲራራው መንገድ መተዳደሪያ ነበር፤ ግመል ያከራያሉ፣ መንገድ ይመራሉ፣ ለማለፊያም ዋጋ ይቀበላሉ። ሐዲዱ ይህን ሁሉ እንደሚያስቀርባቸው ግልጽ ሲሆን፣ ስለ ጉዳዩ ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲጀመር በሠራተኞች ላይ በተደጋጋሚ ጥቃት የደረሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የድሬዳዋ መቆርቆር

እ.ኤ.አ. በ1896 ኢልግና ሸፍኔ መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር ማኅበር አቋቋሙ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ነገር ግን የማኅበሩ አክሲዮንና የብድር ወረቀት እንደታሰበው አልተሸጠም። በጅቡቲ በኩል ያሉት ጥልቅ ሸለቆዎች የብረት ድልድይ ጠየቁ፤ ውሃ እንኳ ለሠራተኛው ከሩቅ መጫን ነበረበት። ገንዘቡ ከሐዲዱ ቀድሞ አለቀ።

የመጀመሪያው ክፍል መድረሻ ሐረር ነበረች። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከሥሯ ያለው ቆላ ሜዳ ግን 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባቡሩን ወደ ተራራው ለማውጣት የሚያስፈልገው ወጪ ከማኅበሩ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. (ዲሴምበር 1902 እ.ኤ.አ.) ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደቻቱ ደረቅ ወንዝ ዳር ደረሰ። በዚያ የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር፤ ጸንቶ የቀረው ግን ድሬዳዋ የሚለው የቦታው ስም ነው።

ከተማዋ ከወንዙ በአንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ሆና አደገች። ከዚራ በማኅበሩ መሐንዲሶች ፕላን ቀጥ ባሉ መንገዶች የተሠራ የባቡር ጣቢያው፣ የጥገና ፋብሪካውና የሠራተኞቹ ቤቶች ሰፈር ነው። መጋላ የገበያው ሰፈር ሆነ። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶችና ዓረቦች ሱቅ ከፈቱ፤ የሐረርጌ ቡና ከደጋው በአጋሰስና በግመል ወርዶ በዚያ ወደ ፉርጎ ይጫን ጀመር። ለዘመናት የአካባቢው ንግድ ማእከል የነበረችው ሐረር ገበያዋ እየቀነሰ ሄደ።

ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወዲህ ሳይቀጥል ለበርካታ ዓመታት በመቆየቱ ከተማዋ የአገሪቱ መግቢያ በር ሆነች። አዲስ የሚሾም ቆንስል፣ ነጋዴ፣ ሚስዮናዊ፣ የፖስታ ከረጢትና የጦር መሣሪያ ሁሉ እዚያ ከባቡር ወርዶ በበቅሎና በግመል ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። ከድሬዳዋ እስከ ቤተ መንግሥቱ ገና የሳምንታት መንገድ ነበር።

የፓሪሱ ክርክር

የማኅበሩ ገንዘብ ሲያልቅ የብድር ወረቀቶቹን እየገዙ የገቡት የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ነበሩ። ይህ ሲሰማ በፈረንሳይ ፓርላማ የቅኝ ግዛት ወገን የሚባሉት እንደራሴዎች ተነሡ። መስመሩ በእንግሊዞች እጅ ከወደቀ ንግዱ ከጅቡቲ ወጥቶ በእንግሊዝ ሥር ወዳሉት የሶማሌ ወደቦች ሊዞር ይችላል፣ ጅቡቲም ባዶዋን ትቀራለች የሚል ክርክር አቀረቡ። በዚህ ግፊት የፈረንሳይ መንግሥት ጥር 29 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1902) ከማኅበሩ ጋር ስምምነት ተፈራረመ። በስምምነቱ መሠረት ማኅበሩ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ያገኛል፤ በምላሹ የፈረንሳይ መንግሥት በማኅበሩ አሠራር ላይ ቁጥጥር ይኖረዋል። ፓርላማውም በዚያው ዓመት ስምምነቱን አጸደቀው።

ስለዚህ መስመር በፓሪስ በይፋ ሲመከር፣ አብዛኛው ሐዲድ የሚያልፍበት አገር ንጉሠ ነገሥት አልተጠየቁም። ምኒልክ ለግል ማኅበር የሰጡት ፈቃድ በእርሳቸው ጀርባ ወደ ውጭ መንግሥት እጅ መሻገሩን እንደ ሉዓላዊነት መደፈር ቆጠሩት። ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ በተዘጋጀው ምረቃ ላይ ሳይገኙ ቀሩ፤ መስመሩም ከዚያ ወዲያ እንዳይቀጥል ፈቃድ ከለከሉ።

ኢልግ በሁለት ወገን መካከል ገባ። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ፣ በሌላ በኩል የፈቃዱ ባለቤትና ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ነበር። ድጎማው ባይመጣ ማኅበሩ ይወድቃል፤ ድጎማው ሲመጣ ግን የጌታውን እምነት አጎደለ። በቤተ መንግሥቱ የነበረው ተሰሚነት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እየቀነሰ መጣ። በዚህ ጉዳይ ኢልግ አጥፍቷል ወይስ አቅም አጥሮት ነው የሚለው ዛሬም አከራካሪ ነው። በአንድ በኩል የውሉን ይዘትና የማኅበሩን የገንዘብ ችግር ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያን ዘመን ለአፍሪካ ነጻ መንግሥት ባቡር የሚያሠራ ብዙ ገንዘብ ከአንዱ ኃያል መንግሥት ድጋፍ ውጭ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

የሦስቱ መንግሥታት ስምምነት

ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ለራሳቸው ተስማሙ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. (ዲሴምበር 13 ቀን 1906 እ.ኤ.አ.) በለንደን የፈረሙት ውል እስከ አዲስ አበባ ያለውን መስመር ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን ለእንግሊዝ ይተዋል። ጣልያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ መስመር ከአዲስ አበባ ምዕራብ እንዲኖራት ተቀበሉ። በባቡሩ ማኅበር ቦርድ ላይ አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ ጣልያናዊና አንድ ኢትዮጵያዊ ተወካይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። የአገሩ ባለቤት በገዛ መንገዱ ጉዳይ ከእንግዶቹ እኩል አንድ ወንበር ብቻ ተመደበለት ማለት ነው። ምኒልክ የውሉ ግልባጭ ሲደርሳቸው ለሦስቱ መንግሥታት ባሳወቁት መልስ፣ ስምምነቱ የራሳቸውን ሉዓላዊ መብት እንደማይነካ አስታወቁ።

በዚያው ወቅት የኢልግና የሸፍኔ ማኅበር ዕዳውን መክፈል አቅቶት እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ። ጥር 21 ቀን 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ፤ ሥራውን የሚቀጥል የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ማኅበርም ተመሠረተ።

የመጨረሻ ዘመንና ሞት

ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1907 ከአማካሪነቱ በፈቃዱ ለቆ ከቤተሰቡ ጋር በዙሪክ ኖረ። የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ የዕደ ጥበብ ዕቃዎችና በርካታ ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ተቀምጠው ለዘመኑ ታሪክ ምንጭ ሆነዋል። ያረፈው ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 7 ቀን 1916 እ.ኤ.አ.) በ61 ዓመቱ ነው፤ ዕለቱ በኢትዮጵያ የገና በዓል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከሁለት ዓመት ያህል በፊት ዐርፈዋል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ ሐሳቡን ያመነጨው መሐንዲስም ሆነ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ሲደርስ አላዩትም። ሲያልቅ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ የሳምንታት ጉዞም ወደ ጥቂት ቀናት አጠረ።

ከኢልግ በኋላ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ፓርላማ የተደነገገው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ይህም የፈረንሳይ እንደራሴዎች ስለ ጅቡቲ መስመር ተከራክረው ከወሰኑ ከ29 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የባለቤትነቱ ጥያቄ ደግሞ ከዚያም በላይ ቆየ። በ1952 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገ ውል የማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ኢትዮጵያ የእኩሌታ ባለድርሻ ሆነች። ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላ መስመሩ የሁለቱ አገሮች የጋራ ንብረት ሆኗል።

ድሬዳዋ ለአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ከተማ ሆና ኖረች። የጥገና ፋብሪካው የብረት ሠሪዎች፣ የመካኒኮችና የባቡር ነጂዎች ትምህርት ቤት ነበር፤ ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ ሆኖ ከሶማልኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከአማርኛና ከሐረሪ ጋር ይሰማ ነበር። በሐዲዱ ዳር ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ደግሞ ለአርብቶ አደሩ የውሃ፣ የገበያና የወሬ መገናኛ ሆኑ። ባቡሩ ሲመጣ መተዳደሪያቸው የተነካባቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ከብታቸውንና ወተታቸውን በዚያው ባቡር ለመሸጥ በቁ። አሮጌው ባቡር ሲቆም የተጎዱትም በመጀመሪያ እነርሱ ናቸው።

ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣ ቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ የከተማ አስተዳደር ሆናለች። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ያደረገው ከአሮጌው ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከዚራ የሚገኘው የቀድሞው ጣቢያና የጥገና ፋብሪካ ግን የኢልግ ሐዲድ ሐረርን ትቶ በሜዳው ላይ ያረፈበትን ቦታ ዛሬም ያሳያሉ።